ስም ያጡ ፊቶች፤ የካናዳ ትናንሽ ከተሞችና የቀድሞ ፎቶግራፍ አንሺዎቻቸው

በ1961 ዓ.ም. የቫንኩቨር ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የታሪካዊ ፎቶግራፎች ክፍል ባልደረባ የነበረው ሮን ዳልትሮይ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር፣ በተራራና በሐይቅ መካከል ተወሽቃ ወደቀረችው ወደ ቢተን መንደር ዘለቀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቢተን ማዕድን በተገኘ ጊዜ ሞቅ ብላ፣ ማዕድኑ ሲነጥፍ ደግሞ የተዘነጋች ሥፍራ ነበረች። ዳልትሮይ በዚያ ከአንድ አሮጌ ጎጆ ውስጥ ሦስት መቶ ያህል የፎቶግራፍ መስታወቶች አገኘ። ያነሣቻቸው ማቲ ጉንተርማን የተባለች የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ወጥ ቤት ስትሆን፣ መስታወቶቹ ሲገኙ እርሷ ከሞተች አሥራ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። የጉንተርማን መኖሪያ ቤት በ1927 ዓ.ም. በእሳት ሲጋይ በወረቀት የታተሙት ፎቶግራፎቿ አብረው ነድደዋል። መስታወቶቹ የተረፉት ከቤት ውጭ፣ በጎጆው ውስጥ ተጥለው ስለነበር ብቻ ነው። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በአካባቢው የተሠራው ግድብ የሐይቁን ውሀ ከፍ ስላደረገው፣ ቢተን ትገኝበት የነበረው ዳርቻ አብዛኛው በውሀ ተዋጠ። መንደሪቱ ዛሬ በይበልጥ የምትታየው በአንዲት ወጥ ቤት መስታወቶች ውስጥ ነው።

የአንድ ታላቅ ከተማ ታሪክ ብዙ ጠባቂዎች አሉት። የማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ የጋዜጣ ጥራዝ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የባለጸጎች ደብዳቤና የሕይወት ታሪክ አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ የኋለኛውን ዘመን ተመራማሪ ያገለግላሉ። ትንሽ ከተማ ግን ይህን ያህል ሀብት የላትም። ጋዜጣ ቢኖራት እንኳ የጋዜጣው ባለቤት የሚያውቃቸው ነጋዴውን፣ ቄሱን፣ ዳኛውንና የምክር ቤቱን ሰው ነው። ልብስ አጣቢው፣ ድንጋይ ከሰል ቆፋሪው፣ ለገበያ ከተራራ የወረደው አዳኝ፣ የእንግዳ ማረፊያው አልጋ አንጣፊ ስማቸው በጽሑፍ የሚሰፍረው ሲወለዱ፣ ሲከሰሱና ሲሞቱ ነው፤ ያም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ግን በሕይወታቸው አንድ ቀን ንጹሕ ልብስ ለብሰው ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ቆመዋል። ፎቶግራፍ አንሺውም የታሪክ ጸሐፊ አልነበረም፤ ነጋዴ ነበር። ሥራው ለአንድ ገዥ፣ ለአንድ ቀን ጉዳይ የተሠራ ነው። የካናዳ የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ብዙ የደከሙበት ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ ለአንድ ሰው የግል ጉዳይ የተነሣ ፊት፣ ባለቤቱ ከተረሳ በኋላ ለሕዝብ ታሪክ ምን ይናገራል?

ፎቶግራፍ ወደ ካናዳ ለመግባት ጊዜ አልወሰደበትም። በ1839 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የዳጌር ፈጠራ ለዓለም በተገለጠ በዓመቱ፣ ሃልሲና ሳድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ካሜራቸውን ይዘው በሞንትሪያልና በኩቤክ ከተሞች ገበያ ከፍተዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጡትም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ተዘዋዋሪዎች ነበሩ። በአንድ ከተማ ክፍል ይከራያሉ፣ በጋዜጣ ያስታውቃሉ፣ ፊቱን ለማየት የሚሻውና ዋጋውን የሚችለው ሲያልቅባቸው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። ዳጌሮታይፕ የሚባለው ሥዕል በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሚወጣና ሊባዛ የማይችል ስለሆነ፣ የጠፋው እንደጠፋ ቀርቷል፤ የተገኘውም ቢሆን ማን እንዳነሣው የሚናገር ምልክት ያለው ጥቂቱ ነው።

ነገሩን የለወጠው በ1851 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለ እንግሊዛዊ ያስተዋወቀው የእርጥብ መስታወት ዘዴ ነው። ሥራው ምን ያህል አድካሚ እንደነበር መረዳት የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ለማንበብ ይረዳል። ፎቶግራፍ አንሺው በንጹሕ መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የተባለውን ተጣባቂ ፈሳሽ ያፈስሳል፤ መስታወቱን ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ እኩል ያዳርሰዋል፤ ከዚያም በጨለማ ክፍል ውስጥ የብር ናይትሬት ባለበት ውሀ ይነክረዋል። መስታወቱ ገና እርጥብ ሳለ በካሜራው ውስጥ ገብቶ ብርሃን መቀበል፣ ሳይደርቅም ወደ ጨለማው ክፍል ተመልሶ በመድኀኒት መታጠብ አለበት። ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ከሩብ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ከከተማ ወጥቶ የሚያነሣ ሰው ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ጨለማ ክፍሉንም በድንኳን ወይም በጋሪ ይዞ መዞር ነበረበት። በክረምት ፈሳሹ ይቀዘቅዛል፤ በበጋ አቧራና ትንኝ ይለጠፉበታል።

ብርሃን ለመቀበል የሚፈጀውም ጊዜ ቀላል አልነበረም። ተነሺው ለብዙ ሰከንድ ሳይነቃነቅ መቆየት ስላለበት፣ ከበስተኋላው የተተከለ የብረት መደገፊያ አንገቱን ይይዘዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች በፎቶግራፍ ላይ የማይስቁት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ኀዘንተኞች ወይም ቁጡዎች ስለነበሩ አድርጎ መገመት ተገቢ አይደለም። በመንገድ የሚራመድ ሰውና የሚሄድ ጋሪም እንደ ጉም ጥላ ይሆናል፣ ወይም ጨርሶ አይታይም። በዚህ የተነሣ ጭር ያለ የሚመስል የአንዲት ከተማ አደባባይ፣ ሥዕሉ በተነሣበት ሰዓት ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመስበት የነበረ ሊሆን ይችላል።

ከነዚህ የመጀመሪያ ዘመን ባለሙያዎች መካከል ሐና ሜይናርድ የተለየ ቦታ አላት። በ1834 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ተወልዳ፣ በ1852 ዓ.ም. ከጫማ ሠሪው ባሏ ከሪቻርድ ጋር በዛሬው ኦንታሪዮ ወደምትገኘው ቦውማንቪል የተባለች አነስተኛ ከተማ መጣች። ባሏ ወርቅ ፍለጋ ወደ ምዕራብ በሄደ ጊዜ እርሷ የፎቶግራፍ ሙያ ተማረች። በ1862 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ቪክቶሪያ ሲሻገር፣ የፎቶግራፍ ቤት የከፈተችው እርሷ ነች፤ ባሏንም ሙያውን ያስተማረችው እርሷ ነች። ሪቻርድ በጫማ ሥራው ላይ የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ ሲጨምር፣ ሐና ከፎቶግራፍ ቤቱ ሳትለይ የከተማዋን ሰው አንሥታለች። በ1880ዎቹ ያነሣቻቸውን ሕፃናት ፊት እየቆረጠች፣ በየዓመቱ በአንድ ላይ አሰባስባ በታላቅ ሥዕል መልክ ትሠራ ነበር። በሺሕ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፊቶች አበባና ጌጥ ሆነው ተደርድረው ይታያሉ። ለወላጅ የልጁን ፊት ከመካከላቸው ፈልጎ ማግኘት ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዛሬ ተመልካች ግን ሁሉም የማያውቃቸው ልጆች ናቸው። ሜይናርድ ሥራዋን እስከ 1912 ዓ.ም. ቀጥላ በ1918 ዓ.ም. ዐርፋለች።

በዚያው ዓመት በ1862 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ዳሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቪክቶሪያ ደረሰ። በመጀመሪያ ሱቅ ነበረው፤ በ1866 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ቤት ከፈተ። ከዚያም የወርቅ ቆፋሪዎችን ተከትሎ ባርከርቪል ወደምትባለው ከተማ ወጣ። ባርከርቪል በጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ጎርፍ ሲመጣ እንዳይወስዳቸው በእንጨት ቋሚ ላይ የተተከሉ ቤቶች ግራና ቀኝ የተደረደሩባት፣ ከእንጨት በቀር ሌላ የግንብ ዘር የማይታይባት ከተማ ነበረች። ዳሊ በዚያ የራሱን ፎቶግራፍ ቤት በከፈተ በጥቂት ሳምንት፣ መስከረም 16 ቀን 1868 ዓ.ም. እሳት ተነሣ። አንድ ቆፋሪ ልብስ የምትተኩስ ልጃገረድ ለመሳም ሲታገል የምድጃውን ጭስ ማውጫ አናግቶ ነው ተብሎ ይነገራል። የእሳቱ መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ ከተማይቱ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አመድ ሆነች፤ የዳሊም ፎቶግራፍ ቤት አብሮ ተቃጠለ። ሆኖም እሳቱ ከመነሣቱ በፊት ዋናውን መንገድ አንሥቶት ስለነበር፣ በኋላም ፍርስራሹን ስላነሣው፣ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመለከት ሰው ጥፋቱን ከማናቸውም የጽሑፍ ዘገባ ይልቅ ይረዳዋል።

ዳሊ በ1870 ዓ.ም. ካናዳን ለቆ ፊላዴልፊያ ገብቶ የጥርስ ሕክምና ተማረ። መስታወቶቹ በሜይናርዶች እጅ ገቡ፤ እነርሱም በራሳቸው ቤት ስም እያተሙ ሸጡዋቸው። ይህ በዘመኑ እንደ ነውር የሚቆጠር አልነበረም፤ መስታወት እንደማንኛውም የሱቅ ዕቃ የሚሸጥና የሚገዛ ነበር። ለቤተ መዛግብት ሠራተኛ ግን መዘዙ ቀላል አይደለም። በፎቶግራፉ ጀርባ የታተመው ስም የአንሺው ስም ነው ብሎ የመዘገበ ሰው፣ ሐሰት መመዝገቡን ሳያውቅ ስሕተቱን ለተከታዩ ትውልድ ያስረክባል።

ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ደረቅ መስታወት በመስፋፋቱ፣ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ የካናዳ ፓስፊክ የባቡር ሐዲድ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በመገናኘቱ፣ ፎቶግራፍ አንሺ የሌላት የባቡር ጣቢያ ከተማ እያነሰች ሄደች። ኮዳክ ኩባንያ ብራውኒ የተባለውን ካሜራ በ1900 ዓ.ም. በአንድ ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ ደግሞ ሁሉም ሰው አንሺ ሊሆን ቻለ። የከተማው ባለሙያ እንጀራው እንዳይጠፋ ወደ ፖስት ካርድ ዞረ። ዋናው መንገድ፣ የእህል ጎተራው፣ አዲሱ ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋ ጓድ፣ የጎርፉና የበረዶው ክምር ሁሉ በፖስት ካርድ እየታተመ ለዘመድ ተላከ። ከዛሬዎቹ የትናንሽ ከተሞች ቤተ መዘክር ስብስቦች ብዙው ከነዚሁ ካርዶች የመጣ ነው።

በነዚህ ሥዕሎች መተማመን ግን ልክ አለው። በሂውሮን ሐይቅ ዳር በምትገኘው ጎድሪች የሠራው ሩበን ሳሎውስ (1855–1937) የኦንታሪዮን ገበሬ ኑሮ በማንሣት ስመ ጥር ነው። አጨዳው፣ ወተት አላቢዋ፣ ዓሣ አጥማጁ ሕፃን፣ ዛፍ ሥር የሚያርፉት ሠራተኞች በመጽሔትና በፖስት ካርድ አገር ለአገር ዞረዋል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ተነሺዎች ሳሎውስ ቦታ መርጦ፣ አቋቋማቸውን አስተካክሎ ያነሣቸው ናቸው። ልብሱ እውነተኛ ነው፣ መንሹ እውነተኛ ነው፣ ማሳው እውነተኛ ነው፤ ደስታው ግን የፎቶግራፍ አንሺው ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። የታሪክ ሰው ከእንዲህ ያለው ሥዕል የሚጠቀመው ከመካከሉ ይልቅ ከዳር ዳሩ ነው። የአጥሩ አሠራር፣ የጫማው እልቀት፣ በሩቅ የሚታየው የእንጨት ጎተራ አንሺው ልብ ብሎ ያላስገባቸው ስለሆኑ፣ ምስክርነታቸው ከተነሺው ፈገግታ ይበልጣል።

ማስመሰል እንዲህ ከዋዛ ያለፈበት ጊዜም አለ። የካናዳ መንግሥት የነባር ሕዝቦች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1896 ዓ.ም. ዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ ሬጃይና በሚገኘው አዳሪ ትምህርት ቤት የነበረውን የቶማስ ሙርን ሁለት ፎቶግራፎች አትሟል። በአንደኛው ልጁ ጸጉሩን ተጎንጉኖ፣ በዶቃ ያጌጠ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ የጦር መሣሪያ ይዞ ይታያል። በሁለተኛው ጸጉሩ ተቆርጦ፣ የተማሪ ልብስ ለብሶ፣ ከአበባ ተክል አጠገብ ቆሟል። የታተሙበት ዓላማ «ከመግባቱ በፊት» እና «ከገባ በኋላ» ያለውን ልዩነት ለማሳየት ነበር። ሁለቱም ግን በስቱዲዮ፣ በስቱዲዮ ዕቃ የተቀነባበሩ ናቸው። ፎቶግራፎቹ ስለ ልጁ የሚነግሩት ጥቂት ነው፤ ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥሎ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ስለሚያሳድገው መንግሥት አሳብ የሚነግሩት ግን ብዙ ነው።

ከዚህ የተለየ መንፈስ የሚታየው በቾው ዶንግ ሆይ ሥራ ላይ ነው። ሆይ በ1883 ዓ.ም. በቻይና በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ተወልዶ በ1902 ዓ.ም. ካናዳ ገባ። በዚያ ዘመን የካናዳ መንግሥት ከማንም ሌላ ስደተኛ የማይጠይቀውን የነፍስ ወከፍ ቀረጥ ከቻይናውያን ያስከፍል ነበር። በ1885 ዓ.ም. በ50 ዶላር ተጀምሮ፣ በ1903 ዓ.ም. 500 ዶላር ደረሰ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ በሩን ከነጭራሹ ዘጋው፤ እስከ 1947 ዓ.ም. አልተሻረም። አንድ ሠራተኛ ሚስቱንና ልጆቹን ለማስመጣት የማይችልበት ሁኔታ ስለነበር፣ የቻይና ሰፈሮች የወንዶች ሰፈር ሆነው ቀሩ። ሆይ ዕቃ አጣቢ፣ ወጥ ቤት፣ የጸጉር ንግድ ረዳት፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ወርቅ ቆፋሪ እየሆነ ከሠራ በኋላ፣ ባርከርቪል ላይ በ1909 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። ዳሊ ካነሣት ከአርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቀጥሎም በኬኔል ከተማ ሱቅ ከፍቶ እስከ 1920 ዓ.ም. ግድም ሰው አነሣ። ያነሣው ከ1,500 በላይ ነው።

የሆይ ፎቶግራፍ ቤት እንደ ትልልቆቹ ከተሞች ያጌጠ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ሰዎቹ የሚነሡት ደጅ፣ ከጀርባቸው አንድ ጨርቅ ተሰቅሎ ነው፤ ጨርቁ የማይሸፍነው የእንጨት ግድግዳና የወለል ሳንቃ በዳር በዳር ይታያል። ከፊቱ የቆሙት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። ቻይናውያን፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች (በተለይ ካሪየርና ቺልኮቲን የሚባሉት) እና ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች። ነባር ሕዝቦቹ ለበዓልና ለፈረስ ግልቢያ ውድድር ከየሰፈራቸው ወደ ኬኔል ሲወርዱ፣ የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ሆይ ይመጣሉ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ፈረሰኞች፣ ሻሽ ያሰሩ እናቶች፣ ክንዳቸውን አጣምረው ካሜራውን ትክ ብለው የሚመለከቱ ሽማግሌዎች ናቸው። በሥነ ሰብዕ ተመራማሪዎች የተነሡት የዚያ ዘመን ፎቶግራፎች እነዚህኑ ሕዝቦች ሊጠፉ እንደተቃረቡ ቅርሶች ሲያሳዩ፣ እዚህ ግን ዋጋውን ከፍሎ፣ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ራሱ የወሰነ ደንበኛ ነው የቆመው። አንሺውም ቢሆን በዚያች ከተማ ማዕረግ ከእነርሱ ብዙ የማይርቅ ሰው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቻይናውያኑ ደንበኞች የሚያስነሡት በአብዛኛው ወደ አገር ቤት ለመላክ ነው። በእጅ ሰዓት፣ በመጽሐፍ፣ በአበባ ማሰሮ አጠገብ በክብር ተቀምጠው ይታያሉ። ሱፉም፣ የኪስ ሰዓቱም የተዋሰው ሊሆን ይችላል። ከሥዕሉ ጋር የሚላከው መልእክት ግን ግልጽ ነው፤ በሕይወት አለሁ፣ ተቸግሬአለሁ አትበሉ። ልብስ ሲያጥብ ውሎ የሚያድረውን ሰው በዚህ ክብሩ የሚያሳይ ሌላ ሰነድ በኬኔል አይገኝም። ሆይ ነጋዴ ሆኖ በኬኔል ኖሮ በ1973 ዓ.ም. ሞተ። ሥራውን ለሰፊው ሕዝብ ያስተዋወቀው በ1999 ዓ.ም. ፌይዝ ሙሳንግ ያሳተመችው መጽሐፍና ከእርሱ ጋር የተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ነው።

በቫንኩቨር ደሴት፣ ከምበርላንድ በምትባለው የድንጋይ ከሰል ከተማም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ሰንጂሮ ሃያሺ የተባለ ጃፓናዊ የከፈተውን ፎቶግራፍ ቤት፣ እርሱ ከለቀቀው በኋላም ሌሎች ጃፓናውያን ቀጥለውበታል። ጃፓናዊው፣ ቻይናዊው፣ ጥቁሩና ነጩ ከሰል ቆፋሪ በሥራ ውሎና በመኖሪያ ሰፈር ተለያይተው ሲኖሩ፣ ያው የተሳለ መጋረጃና ያው ወንበር በየተራ አስተናግዷቸዋል። በ1942 ዓ.ም. የካናዳ መንግሥት ከምዕራብ ባሕር ዳርቻ ከ20,000 በላይ የሆኑ ጃፓናውያንንና የጃፓን ተወላጆችን አስለቅቆ ወደ መሀል አገር ሲያግዝ፣ ንብረታቸውም ሲሸጥ፣ በከምበርላንድ የነበሩትም ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። የሃያሺ ቤት መስታወቶች በከተማዋ ቀርተው በኋላ በከምበርላንድ ቤተ መዘክር እጅ ገቡ። ሰዎቹ ከተነቀሉበት ከተማ ፊታቸው ቀረ።

ማቲ ጉንተርማን ደግሞ ለገንዘብ አላነሣችም። በ1872 ዓ.ም. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ተወልዳ፣ ሲያትል ስትኖር የሳንባ ሕመም ስለጸናባት፣ ደረቅ አየር ፍለጋ ከባሏና ከትንሹ ልጇ ጋር አብዛኛውን መንገድ በእግር ተጉዛ በ1898 ዓ.ም. ቢተን ደረሰች። በማዕድን ሰፈሮች ወጥ ቤት ሆና ሠራች። ካሜራዋን ከመቆሚያው ላይ ተክላ፣ መዝጊያውን ከሩቅ እየሳበች ራሷም በሥዕሉ ውስጥ ትገባ ነበር። በመሆኑም ሥራዋ ከባለሙያዎቹ ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሳቅ አለበት። በ1902 ዓ.ም. በማዕድን ሰፈር ማብሰያ ቤት ባነሣችው ሥዕል፣ እርሷ ምድጃው ላይ ወጥታ፣ ከሌሎች ሁለት የወጥ ቤት ሴቶች ጋር ስትቀልድ ትታያለች። ስለ ማዕድን ሰፈር የተጻፈው ታሪክ ስንት ቶን ድንጋይ እንደወጣ ይናገራል፤ ለቆፋሪዎቹ የሚበሉትን ያበሰሉት ሴቶች እንዴት ይጫወቱ እንደነበር የሚናገረው ግን ይኸው መስታወት ብቻ ነው።

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ መስታወቱ ተርፎ ስሙ ስለቀረበት ሁኔታ ነው። ስም ከፊት ጋር ሲጠበቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ትልቁ ከተማ መሻገር ያስፈልጋል። ዊሊያም ኖትማን ከስኮትላንድ በ1856 ዓ.ም. ሞንትሪያል ገብቶ ያቋቋመው ፎቶግራፍ ቤት፣ የተነሣውን እያንዳንዱን ሥዕል አንድ አንድ ቅጂ ቁጥርና የተነሺውን ስም ጽፎ በትልልቅ መዝገቦች ላይ ይለጥፍ ነበር። ዓላማው ደንበኛው ተጨማሪ ቅጂ ሲፈልግ መስታወቱን ቶሎ ለማግኘት እንጂ ታሪክ ለመጠበቅ አልነበረም። የማክኮርድ ቤተ መዘክር በ1956 ዓ.ም. ስብስቡን ሲረከብ ግን 400,000 ያህል ሥዕሎች ከነስማቸው እጁ ገቡ። የሞንትሪያል ባለጸጋ የልጅ ልጅ የአያቱን ፎቶግራፍ በስም ጠይቆ ሊያገኝ ይችላል። የኬኔሉ ልብስ አጣቢ የልጅ ልጅ ይህን ለማድረግ ፊቱን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሥዕሉ ጥራት አይደለም፤ አንድ ጸሐፊ በየቀኑ የሞላው መዝገብ ነው።

የቤተ መዛግብት መግለጫም በጉድለቱ ላይ ሌላ ጉድለት ጨምሯል። ባሏ የፖሊስ መኮንን የነበረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባትልፎርድ በምትባለው የሜዳማው አገር ትንሽ ከተማ ፎቶግራፍ ቤት የከፈተችው ጀራልዲን ሙዲ፣ በ1904ና በ1905 ዓ.ም. በሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ኢኑይቶችን አንሥታለች። የእርሷ ሥዕሎች አንዳንዶቹ ከነስማቸው ተርፈዋል። ከእርሷ በኋላ ወደ ሰሜን የወጡ ብዙ አንሺዎች ግን ከተነሺው ስም ይልቅ «አንዲት የአገሬው ሴት»፣ «ሕፃን የታቀፈች እናት» የሚል ቃል ጽፈው ሥዕሉን ለመንግሥት አስረክበዋል። መዝጋቢውም የተሰጠውን ቃል እንዳለ ገልብጧል። እንዲህ ያለው መዝገብ ሐሰት የለበትም፤ ግን ሰውየው ራሱ ወይም ልጁ መጥቶ ቢጠይቅ አያገኘውም።

ይህን ለማረም በ2002 ዓ.ም. ኑናቩት ሲቩኒክሳቩት የተባለው በኦታዋ የሚገኝ የኢኑይት ወጣቶች ትምህርት ቤት፣ የኑናቩት መንግሥትና የካናዳ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ስም የመመለስ ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ የወሰዱት ሪቻርድ ሀሪንግተን የተባለው አንሺ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያነሣቸውን ሥዕሎች ነበር። ተማሪዎቹ ሥዕሎቹን በኮምፒዩተር ይዘው ወደየትውልድ መንደራቸው ሄዱ፤ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች ጎን ተቀምጠው አንድ በአንድ አሳዩአቸው። ጊዜ አልነበረም። ሥዕሎቹ ከተነሡ ሃምሳ ዓመት ስላለፋቸው፣ በሕፃንነታቸው የተነሡት አርጅተዋል፣ በጕልምስናቸው የተነሡትን የሚያውቁ ሰዎችም በየዓመቱ ይሞቱ ነበር። ቢሆንም ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች የአብዛኞቹ ተነሺዎች ስም ተገኘ። ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት ስም ብቻም አልነበረም፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን እንዳገባ፣ የለበሰውን የቆዳ ልብስ ማን እንደሰፋለት ጭምር ይነግሩ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሥራው ከኢኑይት አልፎ ወደ ሌሎቹ ነባር ሕዝቦችም ሰፋ። የተገኘው ስም በቤተ መዛግብቱ መዝገብ ላይ ከሥዕሉ መግለጫ ጋር እየተጨመረ ይጻፋል፤ ከተማሪዎቹም መካከል በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ ከዚያ ቀደም አይተዋቸው የማያውቋቸውን የገዛ ዘመዶቻቸውን ፊት ያገኙ አሉ።